ላፕቶፕ አልነሳ ሲል፦ ብሎን ከመፍታታችሁ በፊት የት ላይ እንደቆመ እዩ

«ላፕቶፑ አልነሳም አለ» ሲባል ቢያንስ አራት የተለያየ ነገር ሊሆን ይችላል። ማብሪያው ሲጫን ጭራሽ ምንም የለም፤ መብራት አይበራም፣ ፋን አይዞርም። ወይ መብራቱ በርቶ፣ ፋኑም እየዞረ ስክሪኑ ጥቁር እንደሆነ ይቀራል። ወይ የአምራቹ አርማ ይመጣና እዚያው ይቆማል። ወይ ደግሞ ጥቂት ሰከንድ ሠርቶ ድርግም ይላል። የእነዚህ መንስኤ ለየቅል ነው። ስክሪኑ ጥቁር በሆነ ማሽን ላይ ዊንዶውስ እንደገና ለመጫን የሚታገል አለ፤ አርማው እየመጣለት ማዘርቦርድ (ዋናውን ቦርድ) የሚያስቀይርም አለ። ሁለቱም ጊዜና ገንዘብ ይከስራሉ፣ ብሽቀቱም ሳይቀረፍ ይቀራል።

ስለዚህ መጀመሪያ ምንም ሳትነኩ ጸጥ ያለ ቦታ ላይ አስቀምጡትና ማብሪያውን አንድ ጊዜ ብቻ ተጫኑ። የቻርጀሩ መብራት በርቷል? የማብሪያው ቁልፍስ? ጆሯችሁን ወደ ፋኑ ስታስጠጉ ድምፅ አለ? ከግማሽ ደቂቃ በኋላ ካፕስ ሎክን ተጫኑ። የካፕስ ሎክ መብራት በተጫናችሁት ቁጥር የሚበራና የሚጠፋ ከሆነ ማዘርቦርዱ፣ ፕሮሰሰሩና ራሙ (ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታው) በአብዛኛው ሥራ ላይ ናቸው ማለት ነው፤ ስክሪኑ ጥቁር ከሆነ ችግሩ በአብዛኛው ከስክሪኑ በኩል ነው። ይህች ቀላል ሙከራ ግማሹን ጥርጣሬ ታስወግዳለች። ያያችሁትን ጻፉት፤ በተለይ መብራት እየቆጠረ ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ቀለሙንና ቁጥሩን።

ምንም ምልክት ከሌለ

ማከፋፈያውን ተዉትና ቻርጀሩን በቀጥታ ግድግዳው ላይ ሰኩት። ከግድግዳው እስከ ቻርጀሩ ሳጥን የሚሄደው ተነቃይ ገመድ ብዙ ጊዜ ላላ ይላል፤ እስከ መጨረሻው ግፉት። ከዚያ በሳጥኑ ጀርባ የተጻፈውን አንብቡ። ለምሳሌ 19.5 ቮልት፣ 3.34 አምፔር ከሆነ 65 ዋት ቻርጀር ነው። 19.5 ቮልት፣ 2.31 አምፔር ከሆነ 45 ዋት ነው።

መልቲሜትር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ካላችሁ የቀጥታ ቮልት መለኪያው ላይ አድርጉትና 200 የሚለውን ምረጡ። 20 የሚለው ላይ ካደረጋችሁት 20 ቮልት የሚሰጥ ቻርጀር ከመለኪያው ሊያልፍና ሊያደናግራችሁ ይችላል። ጥቁሩን ጫፍ የመሰኪያው ውጫዊ ብረት ላይ፣ ቀዩን ደግሞ ውስጠኛው ብረት ላይ አሳርፉ። የሚታየው ቁጥር ከተጻፈው ጋር ተቀራራቢ መሆን አለበት። ቁጥሩ የሚዋልል ወይም በብዙ ቮልት ዝቅ ያለ ከሆነ ቻርጀሩ አልቆለታል። ቁጥሩ ትክክል ሆነ ማለት ግን ቻርጀሩ ደህና ነው ማለት አይደለም፤ ሥራ ሳይኖርበት 19.5 የሚያሳይ ቻርጀር ላፕቶፑ ኃይል ሲጠይቀው ሊወድቅ ይችላል። ቁርጡን የሚነግራችሁ የሚሠራ ሌላ ቻርጀር ብቻ ነው። ቮልቱ እኩል ይሁን፤ አምፔሩ እኩል ወይም የበለጠ ይሁን። አምፔር ቢበልጥ አይጎዳም፣ ማሽኑ የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ነው የሚስበው። ቮልት ሲበልጥ ግን ያቃጥላል።

በዴልና በኤችፒ ክብ መሰኪያዎች መሐል ላይ ቀጭን መርፌ አለች። ኃይል የምታስተላልፍ ሳትሆን ቻርጀሩ ማን እንደሆነ ለማሽኑ የምትናገር ናት። ከተጣመመች ወይም ከተሰበረች ማሽኑ ቻርጀሩን ስለማያውቀው ባትሪውን ላይሞላ ይችላል። ባትሪው ባዶ ሲሆን ደግሞ «ሞተ» ይባላል። ስትለኩ መርፌዋን ከጎኗ ካለው ብረት ጋር በመለኪያው ጫፍ እንዳታገናኙ።

ዩኤስቢ-ሲ ቻርጀር ሌላ ዓለም ነው። ከላፕቶፑ ጋር ሳይነጋገር 20 ቮልት አይለቅም፤ ስለዚህ ጫፉን በመልቲሜትር መለካት ምንም አይነግራችሁም። በቻርጀሩና በላፕቶፑ መካከል የምትሰካ ትንሽ የዩኤስቢ-ሲ መለኪያ አለች፣ እሷን ተጠቀሙ። 20 ቮልት ካሳየች ንግግሩ ተሳክቷል፤ ችግሩ ወደ ውስጥ ነው። 5 ቮልት ላይ ተቸንክራ ከቀረች ቻርጀሩ፣ ገመዱ ወይም የላፕቶፑ ቀዳዳ አልተግባቡም። ገመዱን ገልብጣችሁ ሰኩት፣ ሌላ የዩኤስቢ-ሲ ቀዳዳ ካለ እሱንም ሞክሩ። የስልክ 20 ዋት ቻርጀር አብዛኛውን ላፕቶፕ አያስነሳም፤ በእሱ ሞክራችሁ ማሽኑን አትኮንኑ። ገመዱም ቢሆን ከ60 ዋት በላይ ለማሳለፍ ለ5 አምፔር የተሠራ መሆን አለበት።

አንድ ምልክት በተለይ ልብ በሉ። የቻርጀሩ ሳጥን ላይ ያለው መብራት ላፕቶፑ ላይ ስትሰኩት የሚጠፋ፣ ስትነቅሉት ተመልሶ የሚበራ ከሆነ በአብዛኛው ላፕቶፑ ውስጥ ሾርት (ኤሌክትሪክ ያለ መንገዱ በአቋራጭ የሚያልፍበት ብልሽት) አለ፤ ቻርጀሩ ራሱን እየተከላከለ ነው። አዲስ ቻርጀር መግዛት ዋጋ የለውም። ደጋግሞ መሰካትም አቁሙ፣ የተረፈውን ክፍል ይዞት ሊሄድ ይችላል።

ቻርጀሩ ደህና ሆኖ ማሽኑ ዝም ካለ ቀጣዩ የተጠራቀመውን ኃይል ማፍሰስ ነው። ማዘርቦርዱ ላይ ማብሪያውን፣ ባትሪውንና ፋኑን የሚቆጣጠር ትንሽ ቺፕ አለ። ላፕቶፑ ጠፍቶም ቢሆን እሱ ከባትሪው እየተመገበ ነቅቶ ይጠብቃል። አንዳንዴ ይህ ቺፕ ራሱ ይደነዝዛል፤ ያኔ ማብሪያውን ብትጫኑት አይሰማችሁም። ኃይል ሙሉ በሙሉ ሲቋረጥበት ነው ከአዲስ የሚጀምረው። ቻርጀሩን ንቀሉ። ፍላሽ፣ ማውስ፣ ሜሞሪ ካርድ፣ የውጭ ስክሪን፣ የተሰካ ነገር ሁሉ ይውጣ። ባትሪው ከውጭ የሚወጣ ዓይነት ከሆነ አውጡት። አሁን ማብሪያውን 30 ሰከንድ ሙሉ ተጭናችሁ ያዙ። ሰዎች 10 ሰከንድ ይይዙና «ሞክሬዋለሁ» ይላሉ፤ አልሞከሩትም። ከዚያ ባትሪውን ሳትመልሱ ቻርጀሩን ብቻ ሰክታችሁ አስነሱ። ከተነሳ አጥፉት፣ ባትሪውን መልሱና ድገሙ። ባትሪው ሲገባ ብቻ እምቢ የሚል ከሆነ ጥፋተኛው ተገኘ።

ባትሪው ውስጥ የተቀበረ ከሆነ ቻርጀሩን ነቅሎ ማብሪያውን 30 ሰከንድ መያዝ በብዙ ማሽኖች ይሠራል። በብዙ የሌኖቮ ቲንክፓድ ሞዴሎች ከታች ሽፋኑ ላይ ቀጭን የሪሴት ቀዳዳ አለች፤ በተፈታ የወረቀት ማያያዣ ሽቦ ትጫናለች። ይህ ካልሠራ ሽፋኑን ከፍቶ የባትሪውን ሶኬት ከማዘርቦርዱ ላይ መንቀል ነው። ባትሪው እስከ መጨረሻው ተሟጦ ለወራት የተቀመጠ ማሽን ደግሞ ቻርጀር እንደተሰካ ላይነሳ ስለሚችል አንድ ሰዓት ያህል ሰክታችሁ ተዉት፣ ከዚያ ፍረዱ።

ስለ መክፈት

የታች ሽፋኑ ካበጠ፣ ታችፓዱ ወደ ላይ ከተነሳ ወይም ላፕቶፑ ጠረጴዛ ላይ ከተወዛወዘ ባትሪው አብጧል። ቻርጅ አታድርጉት፣ አትጫኑት፣ በሹል ነገር አትነካኩት። ከሌላው ምርመራ በፊት እሱ ይውጣ።

ደህና ከሆነ ብሎኖቹን በወጡበት ቅርጽ ወረቀት ላይ ደርድሩ። ርዝመታቸው ይለያያል። ረጅሙን በአጭሩ ቦታ አስገብቶ ማጥበቅ ኪቦርዱን ወይም ቦርዱን ሊወጋ ይችላል። ሽፋኑን በካቻቪቴ ሳይሆን በፕላስቲክ ካርድ ዙሪያውን አላቁት። ውስጡ እንደታየ የመጀመሪያው ሥራ የባትሪውን ሶኬት መንቀል ነው፤ እሱ ሳይነቀል ራም የሚያወጣ ሰው ቦርዱን ሾርት ሊያደርገው ይችላል።

መብራት እያለ ስክሪኑ ጥቁር ከሆነ

ክፍሉን አጨልማችሁ የስልክ መብራት በስክሪኑ ላይ አግድም አብሩበት። ደብዘዝ ያለ ምስል ካያችሁ ሥዕሉ አለ፣ የጠፋው የስክሪኑ የኋላ ብርሃን ነው። ከዚያ በኤችዲኤምአይ ከቴሌቪዥን ወይም ከሌላ ስክሪን ጋር አገናኙት። እዚያ ላይ ከመጣ ላፕቶፑ ተነስቷል፤ የተበላሸው ስክሪኑ ወይም ወደ እሱ የሚሄደው ቀጭን ገመድ ነው። ክዳኑን ስታንቀሳቅሱ ምስሉ የሚመጣና የሚሄድ ከሆነ ገመዱን ጠርጥሩ። ዊንዶውስ ተነስቶ ስክሪኑ ብቻ ከጠፋ የዊንዶውስ፣ የኮንትሮል፣ የሺፍትና የቢ (B) ቁልፎችን አንድ ላይ መጫን የስክሪን ድራይቨሩን (ስክሪኑን የሚያሠራውን ፕሮግራም) እንደገና ያስነሳዋል።

በውጭ ስክሪንም ካልመጣ ወደ ራም ሂዱ። ፋን ይዞራል፣ መብራት በርቷል፣ ምስል የለም፤ ይህ ሲሆን እኔ ከራም በፊት ሌላ ነገር አልነካም። ራሙን ከሁለት ወገን የያዙትን ብረቶች ወደ ውጭ ገፋ ስታደርጓቸው ራሙ በራሱ ወደ ላይ ቀና ይላል። ያኔ በማዘንበሉ አቅጣጫ ሳቡት። ወርቃማ ጥርሶቹን ብርሃን ላይ አዩ። ደህናዎቹ ያብረቀርቃሉ፤ የቆሸሹት ላይ ደብዛዛ ቡናማ ንጣፍ ይታያል። በነጭ ላጲስ ቀስ ብላችሁ በጥርሶቹ ርዝመት አሻሹት፣ ፍርፋሪውን በደረቅ ብሩሽ ጥረጉ፣ ከ90 በመቶ በላይ በሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል አጽዱና እስኪደርቅ ጠብቁ። መሰኪያውን በአፋችሁ አትንፉት፤ ትንፋሽ እርጥበት አለው።

ሲመለስ 30 ዲግሪ ያህል አዘንብላችሁ ጥርሶቹ ሊሰወሩ እስኪቃረቡ ድረስ ግፉት፣ ከዚያ ሁለቱም ብረቶች «ቀጭ» እስኪሉ ወደ ታች ተጫኑት። በአንድ ወገን ብቻ የያዘ ራም ከሩቅ ሲያዩት የገባ ይመስላል፤ ማሽኑ ግን አይነሳም። ሁለት ራም ካለ አንዱን ብቻ በአንዱ መሰኪያ፣ ከዚያ በሌላው፣ ሁለተኛውንም እንደዚያው ሞክሩ። አንድ ራም በሁለቱም መሰኪያ እምቢ ካለ ራሙ ሞቷል፤ ሁለቱም ራሞች በአንድ መሰኪያ ላይ እምቢ ካሉ መሰኪያው ነው። ሁለት ነገር እዚህ ላይ ያሳስታል። ዲዲአር5 የሚባለውን አዲስ የራም ዓይነት በሚጠቀም ማሽን ራም ከተቀየረ በኋላ የመጀመሪያው መነሳት ራሙን እስኪለማመድ ድረስ ደቂቃዎች ሊወስድና እስከዚያው ስክሪኑ ጥቁር ሊሆን ይችላል፤ ቸኩላችሁ አታጥፉት። በቆዩ ማሽኖች ደግሞ 1.35 ቮልት የሚፈልገው የዲዲአር3ኤል መሰኪያ 1.5 ቮልቱን ተራ ዲዲአር3 በቅርጽ ይቀበለዋል፤ ማሽኑ ግን በእሱ ላይነሳ ይችላል። ራሙ ቦርዱ ላይ የተበየደ ከሆነ ይህን ሁሉ ዝለሉት።

ብልጭታ የሚቆጥር ማሽን ካላችሁ ሥራው ይቀልላል። በብዙ አዳዲስ ዴሎች 2 ብርቱካናማ ከዚያ 3 ነጭ ብልጭታ ራም አልተገኘም ማለት ነው፤ 2 ብርቱካናማና 7 ነጭ የስክሪን ችግር ነው። በኤችፒ 3 ቀይና 2 ነጭ ከራም ጋር ይያያዛል። ትርጉሙ እንደ ሞዴሉ ስለሚለይ የማሽናችሁን ማኑዋል ክፈቱ።

ራሙ ደህና ሆኖ ጥቁሩ ከቀጠለ ባዮሱ (ማሽኑ ሲበራ ከዊንዶውስ በፊት የሚሠራው ፕሮግራም) ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል፤ በተለይ ባዮስ በሚሻሻልበት መሐል ኃይል ከተቋረጠ። በብዙ ዴሎች ቻርጀሩን ነቅላችሁ፣ ኮንትሮልና ኢስኬፕን እንደያዛችሁ ቻርጀሩን መልሳችሁ ስትሰኩ የባዮስ ማገገሚያው ይመጣል። በብዙ ኤችፒዎች ዊንዶውስና ቢን ይዞ ማብሪያውን መጫን ነው። ሳንቲም የምትመስለዋ የሲአር2032 ባትሪም አለች። አዲሷ 3 ቮልት ናት። ስትደክም በአብዛኛው የሚጠፋው ሰዓትና የባዮስ ምርጫ ብቻ ቢሆንም አንዳንድ ማሽን በእሷ ምክንያት አልነሳ ይላል፤ ቀላል ስለሆነች ቀይሯት።

አርማው መጥቶ ከቆመ

እዚህ ድረስ ከመጣ ሃርድዌሩ ባመዛኙ ደህና ነው። ፍላሽና የውጭ ዲስክ ካለ ንቀሉ፤ ማሽኑ ከእሱ ለመነሳት እየሞከረ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ወደ ባዮስ ግቡ፤ በዴል፣ በኤሰርና በኤሱስ አብዛኛውን ጊዜ ኤፍ2፣ በኤችፒ ኤፍ10፣ በቲንክፓድ ኤፍ1 ነው። የምትፈልጉት አንድ ነገር ነው፦ ዲስኩ በስሙ ይታያል ወይስ አይታይም? ካልታየ ነቅላችሁ መልሳችሁ ሰኩት፤ አሁንም ከሌለ በሌላ ማሽን ወይም በዩኤስቢ መያዣ ፈትኑት። ከታየ ችግሩ ወይ ዲስኩ እየደከመ ነው፣ ወይ ዊንዶውሱ ተበላሽቷል፣ ወይ የባዮስ ምርጫ ተቀይሯል።

የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ባዮስ ወደ ፋብሪካ ምርጫው ሲመለስ የዲስኩ አሠራር ኤኤችሲአይ ከሚባለው ሬይድ ወደሚባለው ወይም በተቃራኒው ሊዞር ይችላል። ያኔ ዊንዶውስ ዲስኩን ማንበብ ያቅተውና ሰማያዊ ስክሪን ያመጣል። ወደነበረበት ስትመልሱት ምንም እንዳልተፈጠረ ይነሳል፤ ፎርማት አያስፈልገውም።

ባዮስ ውስጥ አንድ ነገር ከመቀየራችሁ በፊት ግን ስለ ቢትሎከር፣ ማለትም ስለ ዊንዶውስ የዲስክ ማመስጠሪያ አስቡ። በማይክሮሶፍት አካውንት የሚገባበት ዊንዶውስ ባለቤቱ ሳያውቅ ዲስኩን አመስጥሮት ሊሆን ይችላል፤ የባዮስ ለውጥ ደግሞ ባለ 48 አሃዙን የማገገሚያ ቁልፍ ሊያስጠይቅ ይችላል። ቁልፉ ብዙ ጊዜ በማይክሮሶፍት አካውንታችሁ ውስጥ ተቀምጦ ይገኛል። አስቀድማችሁ በስልክ ግቡና ጻፉት። ቁልፉ ከሌለ ዳታው የለም፤ ይህን የሚፈታ ባለሙያም የለም።

ዲስኩ የሚያንቋርር፣ የሚንተባተብ ወይም ለመታየት ደቂቃ የሚፈጅ ከሆነ ጥገና ቀርቶ ፋይል ማውጣት ይቅደም። 8 ጊጋ ወይም ከዚያ በላይ በሆነ ፍላሽ ላይ ኡቡንቱን (ከፍላሽ መነሳት የሚችል፣ ዊንዶውስን የሚተካ ነፃ ሥርዓት) አዘጋጁ፣ ከፍላሹ አስነሱት (በዴልና በሌኖቮ ኤፍ12፣ በኤችፒ ኤፍ9)፣ ሳትጭኑ መሞከርን ምረጡና ፋይሎቻችሁን ወደ ውጭ ዲስክ ገልብጡ። ዊንዶውሱ በትክክል ስላልተዘጋ ዲስኩ ለንባብ ብቻ ሊከፈት ይችላል፤ ለእናንተ በቂ ነው። ቼክ ዲስክ የሚባለውን የዲስክ ስህተት ማረሚያ ትእዛዝ በሚሞት ዲስክ ላይ የሚያዙ መካሪዎች አሉ፤ አትስሟቸው። ደካማውን ዲስክ ለሰዓታት ያሠራዋል፣ ፋይል እያስተካከለ ያጠፋል።

ፋይሉ ከወጣ በኋላ ወደ ጥገናው። ዊንዶውስ እየተነሳ ሳለ በማብሪያው ማቋረጥን ሁለት ሦስት ጊዜ ስትደግሙት የማገገሚያው ገጽ ይመጣል። ችግሩ የጀመረው ከዝማኔ በኋላ ከሆነ መጀመሪያ የቅርቡን ዝማኔ አራግፉ። ካልሆነ የመነሻ ጥገናውን፣ ከዚያ ሴፍ ሞድን (ዊንዶውስ በአስፈላጊ ነገሮች ብቻ የሚነሳበትን) ሞክሩ። ሴፍ ሞድ ላይ የሚሠራ ከሆነ ጥፋቱ ድራይቨር ወይም ከውጭ የተጫነ ፕሮግራም ነው።

ተነስቶ የሚጠፋው

በሰከንዶች ውስጥ ከጠፋ ፋኑን ተመልከቱ፤ የማይዞር ፋን፣ በአቧራ የተደፈነ ማቀዝቀዣ ወይም የደረቀ የሙቀት ቅባት ሊሆን ይችላል። አቧራውን ስትነፉ ፋኑን በጣት ያዙት፣ እንዳይሽከረከር። ቻርጀር ላይ ሆኖ እየሠራ ሲነቀል ወዲያው የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ ባትሪው ነው።

ውሃ ወይም ሻይ ከፈሰሰበት ለመሞከር አታስነሱት። ቻርጀሩንና ባትሪውን ንቀሉ፣ ገልብጡት፣ ክፈቱት፣ የነካውን ቦታ በአልኮል አጽዱ። ሩዝ ውስጥ መክተት ከቦርዱ ላይ ስኳሩንም ጨውንም አያነሳም፤ የሚበላው ዝገት ደግሞ ከእሱ ነው የሚጀምረው።

ወደ ባለሙያ ሲሄድ

ቻርጀር፣ ማፍሰስ፣ ራም፣ ባዮስ ሁሉም ታይቶ ዝም ካለ የቀረው ቦርዱ ነው። ይህ ማለት ግን ቦርዱ ይቀየር ማለት አይደለም። በዋናው 19 ቮልት መስመር ላይ ብዙ ጊዜ ሾርት የምትሆነው ከሩዝ ፍሬ የምታንስ አንዲት ካፓሲተር የምትባል ዕቃ ናት። ጥሩ ጠጋኝ ባትሪና ቻርጀር ነቅሎ መስመሩን ይለካል፤ ወደ ዜሮ ኦም ከተጠጋ ከተስተካካይ የኃይል ምንጭ 1 ቮልት ያህል ይሰጥና ቦርዱን በአልኮል ይቀባል። አልኮሉ ቀድሞ የሚደርቅበት ነጥብ የሞቀችው ዕቃ ናት፤ እሷ ተነቅላ ትቀየራለች። «ቦርዱ ተቃጥሏል፣ ይቀየር» ብቻ የሚል ሰው ካጋጠማችሁ የትኛው መስመር ላይ ስንት ቮልት ወይም ስንት ኦም እንዳገኘ ጠይቁት። ከለካ ይነግራችኋል።

ማሽኑን ስታስረክቡ ዲስኩን አውጥታችሁ እናንተ ዘንድ አስቀሩ፤ ያለ ዲስክም እስከ ባዮስ መነሳቱን መፈተን ይቻላል። ዲስኩ የተበየደ ከሆነ ፎርማት እንዳይደረግ በጽሑፍ አስፍሩ፣ መጀመሪያ የጻፋችሁትን የመብራትና የድምፅ ማስታወሻም አብራችሁ ስጡ።